እኩል የሚረግጠው ዳማ

አባቴ ፈረስ ሲመረምር መጀመሪያ ዓይኑን ይጨፍናል። ባልደራሱ ፈረሱን በገመድ ይዞ ድንጋይ በተነጠፈበት ግቢ ውስጥ በሶምሶማ ሲያመላልሰው፣ አባቴ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ የኮቴውን ድምፅ ያዳምጣል። ዓይኑን ገልጦ የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ያኔ የሚጸልይ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ እሱ ሲጨፍን እኔም እጨፍናለሁ፤ ቀድሜው የገለጥኩ እንደሆነ ኃጢአት የሠራሁ መስሎኝ ደንግጬ መልሼ እከድነዋለሁ።

አባቴ የፈረስ መወዳደሪያው ሜዳ ሐኪም ነበር። በውድድር ቀን ጠዋት በእሱ ፊት ሳያልፍ ወደ ሜዳ የሚገባ ፈረስ የለም። «ይሩጥ» ካለ ይሮጣል፤ «ይቅር» ካለ ባለቤቱ እያጉረመረመ ወደ ጋጣው ይመልሰዋል። ውድድሩ ትምህርት በሌለበት ቀን ስለሆነ እኔንም ይዞኝ ይሄዳል። ቦታዬ የገብሱ ሣጥን ላይ ነው። እግሬን እያወዛወዝኩ የፈረስ ላቡን፣ የእርጥብ ጭዱንና ከአባቴ ቦርሳ የሚወጣውን የአልኮል ሽታ እየማግሁ እውላለሁ።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ደግሞ ጋላቢ ነበር። እናታቸው ስትሞት ገና ጥርስ እያወጣ ስለነበር በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እናቴ ናት። ከቅለቱ የተነሣ ሰው ሁሉ «ላባ» ነው የሚለው። ገበታ ላይ ሲቀመጥ ቁራሽ ዳቦ ያነሣና የቀረውን እያሸተተ ይጠግባል። እናቴም «በሩን ዝጉት፣ ንፋስ ይወስድብኛል» ትላለች። እኔን «አለቃዬ» ይለኛል። ትከሻው ላይ ያወጣኝና ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ይዞኝ ይጋልባል። አባቴን አከብረው ነበር፤ አጎቴን ግን እወደው ነበር። ልዩነቱን ያኔም አውቀዋለሁ።

አጎቴ እስከዚያ ዓመት ድረስ የሚሰጡት ሌላ ጋላቢ የማይፈልጋቸውን ፈረሶች ነበር። ያን ዓመት ግን ዳማው ደረሰው። ዳማው ደረቱ ሰፊ፣ ቀላ ያለ ቆዳው እንደተወለወለ ጠረጴዛ የሚያበራ ፈረስ ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ውድድር ሊደርስ ሲል አጎቴ ምግቡን ጭራሽ ተወ፤ ሳቁ ግን በዛ።

በውድድሩ ዋዜማ እራት ተበልቶ እናቴ ሳህን ታጥባለች። አባቴ አጠገቧ ቆሞ ያደርቃል። እኔ ሶፋው ላይ የተኛሁ መስዬ እሰማለሁ።

«ትናንት የታጠበ ልብሱን ጋጣው ድረስ ላደርስለት ሄጄ ፈረሱን አየሁት» አለች እናቴ። «የዚያ ፈረስ አቋቋም ደስ አይልም። አንዴ በዚህ እግሩ፣ አንዴ በዚያኛው። ሰልፍ የሰለቻት አሮጊት ነው የሚመስለው።»

«አይቼዋለሁ።»

«ካየኸው ከልክለዋ።»

«ቀጥ ብሎ የሚሄድን ፈረስ ምን ብዬ? ባለፈው በቃሌ ብቻ ከለከልኩና የውድድሩ ዳኛ ‹ሲያነክስ አላየሁም› ብሎ ሻረኝ።»

«ምክንያት ፈልግ። የተማርክ ሰው ምክንያት አያጣም።»

«ምክንያት አይፈለግም። ወይ ይገኛል፣ ወይ አይገኝም።»

እናቴ ቧንቧውን ዘጋች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ወንድሜ ነው» አለች።

«እሺ» አለ አባቴ። «አያለሁ።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው። አባቴና እናቴ አጎቴ ዳማውን እንዳይጋልብ መክረዋል።

በማግስቱ ሰማዩ ዝቅ ብሎ ነበር። የሜዳው አጥር ጥግ ሁለት ሰዎች የተጠቀለለ አረንጓዴ ሸራ ጋሪ ላይ ጭነው እንደ ወትሮው ተቀምጠዋል። ሸራው ምን እንደሚሠራ አንድ ጊዜ አጎቴን ጠይቄው «ለደከመው ፈረስ ጥላ ነው» ብሎኛል። ሲዘረጋም አንድ ጊዜ አይቻለሁ። አንድ ነጭ ፈረስ ሜዳው መሐል ተኛና ሰዎቹ ሮጠው ዙሪያውን ከለሉት። አባቴ ቦርሳውን ይዞ ገባ። ሲወጣ ብቻውን ነበር። ነጩ ጥላው ተመችቶት እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ በጣቴ ጫፍ እየተራመድኩ አለፍኩ። ሸራው ፈረሱ ሲገደል ተመልካቹ እንዳያይ የሚዘረጋ መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

ግቢው ውስጥ አጎቴ ቢጫ የውድድር ሸሚዙን ለብሶ የዳማውን ገመድ ይዟል። ባልደራሱ ስላልመጣለት ራሱ ነው የሚያስሮጠው። አጠገቡ «ፉጨት» የሚሉት ሌላ ጋላቢ የራሱን ፈረስ አስመርምሮ ሲመለስ ቆመ። ፉጨት የፊት ጥርሶቹ ሰፊ ናቸው፤ በመሐላቸው ሲያፏጭ ፈረሶቹ ሁሉ ጆሯቸውን ያቆማሉ።

«ላባ፣ ዛሬ ንፋስ አለ። ኪስህ ውስጥ ድንጋይ ጨምር» አለው።

«አንተ ከኋላዬ ስለምትመጣ አፍህን ዝጋ፤ አቧራው ያንቅሃል» አለ አጎቴ። ሁለቱም ሳቁ፤ ፉጨትም ዳማውን አንገቱ ላይ መታ መታ አድርጎት ሄደ።

አሰልጣኙና ባለፈረሱ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። አጎቴ ሮጠ፣ ዳማው ተከተለው። ኮቴው ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ አንዱ ከሌላው አይለይም። አንገቱ ቀጥ ብሎ፣ ጭንቅላቱ ውኃ እንደተሸከመ ሰው ሳይነቃነቅ ያልፋል።

«እንደገና» አለ አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ።

እንደገና ሮጡ። ከዚያም በክብ አዞረው። ከዚያ አባቴ ጎንበስ ብሎ የፊት ሰኮናዎቹን ተራ በተራ በትልቅ ጉጠት ጫን አደረጋቸው። ዳማው ሁለቱንም እኩል ነጠቀው።

«ዶክተር፣ ሰዓት እንኳ እንዲህ አይመታም» አለ አሰልጣኙ። «ምን ቀረህ?»

«በጣም እኩል ነው።»

«ይኸም ጥፋት ሆነ እንግዲህ!» ባለፈረሱ ሳቀ።

«እርምጃው አጥሯል።»

«ሰውነቱ አልሞቀማ። አንተስ ከአልጋህ ስትነሣ ትዘላለህ?»

አባቴ እጁን በጨርቅ ጠራረገና «ዳኛውን ጥሩልኝ። የምናገረውን እሱ ባለበት ነው የምናገረው» አለ። ሁለቱም ነገሩ ያለቀ መስሏቸው እየተጨዋወቱ ሄዱ። ግቢው ውስጥ አባቴ፣ አጎቴ፣ ዳማውና እኔ ቀረን።

ያኔ አባቴ ቦርሳውን ከፈተ።

ብልቃጧን ሲያወጣና መርፌውን ወደ ላይ አቅንቶ ጠብታ ሲያስተፋት አየሁ። አጎቴም አየ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ያዘው።»

«ልትወጋው ነው? ዛሬ?»

«ላባ፣ ያዘው አልኩህ።»

አጎቴ በአባቴ ቤት ያደገ ሰው ነው፤ እንቢ ብሎት አያውቅም። ያዘው። አባቴ ተንበረከከና የዳማውን ግራ የፊት እግር ጭኑ ላይ አስተኝቶ፣ ከሰኮናው ከፍ ብሎ በሁለቱም ጎን ወጋው። ፈረሱ ቆዳውን ብቻ አንቀጠቀጠ። ከዚያ ጠበቅን። አባቴ አልፎ አልፎ በእስክሪብቶ ጫፍ እግሩን ይነካካል። መጀመሪያ ዳማው ይሰበስበዋል፤ በኋላ ግን እግሩ የሌላ ፈረስ የሆነ ይመስል ዝም አለ።

«አሁን አስሩጠው።»

ገና በመጀመሪያው እርምጃ የዳማው ጭንቅላት ወደ ላይ ተወረወረ። ከዚያ ወረደ። እንደገና ተወረወረ። ቀኝ እግሩ ድንጋዩን በነካ ቁጥር የጋለ ብረት እንደረገጠ አንገቱን ይሰቅላል። ቅድም እንደ ሰዓት ይመታ የነበረው ኮቴ አሁን አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል ሆነ። አጎቴ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ዞረ። ፊቱ ከሸሚዙ ይልቅ ቢጫ ነበር።

እኔ ከገብሱ ሣጥን ላይ ወረድኩ። በዓይኔ አይቻለሁ። ደህና ፈረስ ነበር፤ አባቴ ወጋው፤ አነከሰ። እናቴ ምክንያት ፈልግ ብላዋለች፤ ያጣውን ምክንያት በመርፌ ሠራው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የእንስሳት ሕክምና ከሚማር ጓደኛዬ ጋር ምሳ እየበላን ይህን አነሣሁለት። ጓደኛዬ ሁለት ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ አቆመና እንደ ፈረስ አስሮጣቸው። «አንዱ እግሩ ብቻ የሚያመው ፈረስ ያነክሳል፤ ምክንያቱም የሚሸሽበት ደህና እግር አለው» አለኝ። «ሁለቱም እኩል ካመሙት ግን የት ይሸሻል? ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አባትህ አንዱን አደነዘዘለት። ያ እፎይ ሲል የሌላው ሕመም ብቻውን ወጣ።» ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ ማነከስ ጀመሩ። ምሳዬን አልጨረስኩም። መርፌው ዳማውን አላሳመመውም ነበር። ሕመሙን ነው ያጋለጠው። እናቴ ሳህን እያጠበች «አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያኛው» ስትል በሽታውን ጨርሳ ተናግራው ነበር።

ግን እውነቱን ለመናገር ያኔ ልጅ ሆኜ ያየሁትም ባዶ ነገር አልነበረም። በሜዳው ሕግ በዚያ ቀን መርፌ የተወጋ ፈረስ አይሮጥም። አባቴ ቦርሳውን ከመክፈቱ በፊት ይህን ያውቃል። ዳማው ቢያነክስም ባያነክስም፣ መርፌው ቆዳውን ሲነካ የዚያን ቀን ውድድር አብቅቶለታል።

ዳኛው መነጽሩን እየጠረገ ሲደርስ ዳማው በሦስት እግሩ የቆመ ይመስል ነበር።

«ሲገባ ደህና የነበረ ፈረስ!» አለ ባለፈረሱ።

«ወግቶታል» አለ አሰልጣኙ። ጨርቁ ላይ ያለችውን ብልቃጥ አነሣት። «ሰው ስንጠራለት ወጋው።»

«የወጋሁት ግራውን ነው» አለ አባቴ። «የሚያነክሰው በቀኙ ነው። ጌታዬ፣ ሁለቱም ያመዋል። በግልቢያ ላይ ኩርባው ጋ ሲደርስ አይችለውም።»

ዳኛው ፈረሱን አየ፣ ብልቃጧን አየ፣ አባቴን አየ። «የተወጋ ፈረስ አይሮጥም። ክርክር የለውም» አለ። ከዚያም ወደ አባቴ ጠጋ ብሎ ዝግ ባለ ድምፅ «ይህን ከአንተ አልጠበቅሁም» አለው።

ከሰዓት በኋላ ውድድሩ ሲያልቅ አሰልጣኙ ዳማውን መልሶ አወጣው። ጋላቢዎቹም፣ ባልደራሶቹም ተሰበሰቡ። መድኃኒቱ ለቆት ነበር። አሰልጣኙ ራሱ ገመዱን ይዞ አስሮጠው፤ ዳማውም አንገቱን አቅንቶ፣ ኮቴውን እኩል እየረገጠ አለፈ። እንደገና። እንደገና። ሰው ሁሉ የሚያየው ፈረሱን ሳይሆን አባቴን ነበር።

«አሁንም ያመዋል» አለ አባቴ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀበት።

አጎቴ ሸሚዙን አውልቆ በእጁ ጨብጧል። «እታለም ናት አይደል?» አለው፤ እናቴን ነው እንዲያ የሚላት። «እሷ ናት የጠየቀችህ።»

አባቴ መዋሸት ይችል ነበር። «ጠይቃኛለች» አለ።

«ያደግሁ አይመስላችሁም። ዛሬም በጀርባ የምታዝሉኝ ነው የሚመስላችሁ።» አጎቴ ሸሚዙን የገብሱ ሣጥን ላይ፣ አጠገቤ ጣለው። እኔን እንኳ ሳያየኝ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋጣው ጀርባ ካለው የሠራተኞች ክፍል ገባ እንጂ ወደ ቤታችን አልመጣም።

ቤታችን ጸጥ አለ። አባቴ ሲያስነጥስ እንኳ እደነግጥ ነበር። አንድ ቀን እሾህ ግራ እግሬን ወጋኝ። እሾህ የሚያወጣልን አባቴ ነው፤ በመርፌ። ስለዚህ ደበቅኩት። እንዳላነክስ ሁለቱንም እግሬን እኩል እያሳጠርኩ፣ ጥርሴን ነክሼ ግቢውን አቋረጥኩ። አባቴ በመስኮት ሲያየኝ ነበርና «የግራው ነው፤ ና» አለኝ። ጮኼ አልጋ ሥር ገባሁ። «እንደ ፈረሱ ታደርገኛለህ» አልኩት። አባቴ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ መርፌውን ለእናቴ ሰጥቷት ወጣ።

አጎቴ አልፎ አልፎ ትምህርት ቤቴ በር ላይ ይጠብቀኛል። ዳማው ለሌላ ከተማ ሰው መሸጡን የነገረኝ እዚያ ነው። አብሬው ልሂድ ብሎ ለምኖ ነበር። አዲሱ ባለቤት ግን «የሐኪሙን ዘመድ አልፈልግም፤ ገደ ቢስ ነው» አለ። የሄደው ፉጨት ሆነ።

«አልተናደድክም?» አልኩት።

«በማን? ፉጨት ምን አደረገኝ? የዳማው አፍ ስስ ስለሆነ ልጓሙን አትጎትትበት ብዬ መክሬዋለሁ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ያሸንፋሉ፣ አለቃዬ። ያኔ አባትህ ምን እንደሚል እናያለን።»

እውነትም አሸነፉ፤ አንድ ጊዜ። ወሬው ሲደርስ እናቴ ሳህን ማጠቧን ቀጠለች። አባቴ ቦርሳውን ይዞ ወደ ሥራው ወጣ።

ሌላኛው ወሬ የመጣው ምሳ ላይ ነው። ዝናብ ነበር። እናቴ ጥግ ላይ ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ እኔና አባቴ ሾርባ እንጠጣለን። በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተና አጎቴ ውኃ እያንጠባጠበ ደፉ ላይ ቆመ። እናቴ ካውያውን አቆመችና «ግባ እንጂ» አለችው፤ አልገባም።

«ዳማው ወደቀ» አለ።

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። «የት ላይ?»

«ኩርባው ላይ። የፊት እግሩ ከሥር ተሰበረ።»

«ማን ነበር ላዩ?»

«ፉጨት።»

አባቴ ሌላ አልጠየቀም። እናቴ ናት «ሐኪም ቤት አደረሱት?» ያለችው። አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። «ሐኪም ቤት ሳይደርስ እዚያው ሜዳው ላይ አረፈ» አለ።

«ተመስገን፣ አንተ እንኳን…» አለች እናቴ፤ ወዲያው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

አጎቴ ያኔ ገባ። ቀጥ ብሎ ወደ አባቴ ሄደ፤ አባቴም ተነሣ። አጎቴ የአባቴን ሸሚዝ በሁለት እጁ አንገቱ ሥር ጨመደደና ግንባሩን ደረቱ ላይ ገጨው። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ወንበሩ ወደቀ። እኔ ጠብ ነው ያልኩት። የወጋው መርፌ ውስጥ ለውስጥ ሲሠራ ከርሞ ዛሬ ፈረሱንም ፉጨትንም ገደለ፤ አጎቴም ሊበቀል መጣ አልኩ። አጎቴ እንዲያሸንፍ ተመኘሁ።

«ይቅር በለኝ፣ ጋሼ» ይል ነበር አጎቴ። «ይቅር በለኝ።»

«አትበለኝ» አለ አባቴ። እጆቹ በጎንና ጎኑ ተንጠልጥለዋል፤ አላቀፈውም። «እኔን እንዲህ አትበለኝ።»

ይቅርታውን የማይቀበል ክፉ ሰው ነው አልኩ። ብዙ ዓመት እንዲሁ እያልኩ ነው ያደግኩት። አጎቴ ወደ ቤታችን ተመልሶ፣ ከአባቴ ጋር በአንድ ገበታ ሲበላ እያየሁ እንኳ አልተውኩትም።

ጓደኛዬ ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ ባስሮጠልኝ ሰሞን ወደ ቤት ሄድኩ። አባቴ ጡረታ ወጥቷል። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይቦርሻል። የተማርኩትን ነገርኩት። ሁለቱ እግሮች፣ መርፌው፣ መድኃኒቱ ሲለቅ ማስረጃው አብሮት መጥፋቱ፣ ሁሉንም። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። መቦረሹን ሳያቋርጥ ሰማኝ።

«ፉጨትን መርፌው ነው የገደለው ብዬ ነው ያደግኩት» አልኩት በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። ዓይንህ ይናገር ነበር።»

«ታዲያ እንዳልሆነ ለምን አልነገርከኝም?»

ጫማውን ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየው። «የዚያኛውን ከተማ ሐኪም አውቀዋለሁ» አለ። «አብረን ነው የተማርነው። ዳማው እሱ ዘንድ እንደሄደ ሰምቻለሁ። ‹አንዱን እግር አደንዝዘህ እየው› ብለው ይበቃው ነበር።»

«ነገርከው?» አልኩት።

«ጋላቢው ማነው ብዬ ጠየቅኩ። ላባ አይደለም አሉኝ። እፎይ አልኩ፤ ቤቴ ገብቼ እራቴን በላሁ።» ብሩሹን ከጫማው አጠገብ አስቀመጠው። «መርፌውን ተወው፣ ልጄ። ስልኩ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።»